አሮጌ የድርቆሽ ሬክን አድሶ ማሠራት፦ ለሐረርና ለድሬዳዋ ዙሪያ እርሻ

በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ ላም የሚያልብ ወይም ሰንጋ የሚያደልብ ሰው ከኅዳር ወር በኋላ ከብቱን የሚያከርመው በማሽላና በበቆሎ አገዳ፣ እንዲሁም በጥቅምት ባስቀመጠው ድርቆሽ ነው። አገዳው ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አያወርድም፤ ድርቆሹ ግን ቅጠሉ ሳይረግፍ፣ አፈር ሳይገባበትና ሳይሻግት ከተከመረ ላሟን ደህና አድርጎ ይይዛታል። ይህ ሁሉ የሚወሰነው ሣሩ ከታጨደ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት፣ በተለይም ተሰብስቦ ረድፍ በሚይዝበት ጥቂት ሰዓት ነው። ጽሑፉ በእርሻ ግቢ ጥግ ቆሞ የዛገ የድርቆሽ ሬክ፣ ማለትም የታጨደውን ሣር ሰብስቦ ረድፍ የሚያስይዝ ማሽን፣ አግኝቶ ለዚያ ጥቂት ሰዓት ሊያደርሰው ለሚያስብ ሰው የተዘጋጀ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። መሬቱ ከሁለት ጥማድ የማይበልጥ፣ በእርከን የተከፋፈለና ድንጋያማ ከሆነ፣ እንደ አብዛኛው የሐረርጌ ደጋ ማሳ ማለት ነው፣ ማሽኑን ትቶ በእንጨት መንሽና በእጅ ሬክ መሥራት ይሻላል። ሬክ ለመዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ በጠባብ እርከን ላይ የሚያተርፈው የድንጋይ ካቡን ማፍረስ ብቻ ነው። ወጪውን የሚመልሰው በቆላው ሜዳማ ማሳ ወይም ብዙ ገበሬዎች በጋራ በሚያጭዱት የግጦሽ መሬት ላይ ነው። ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ ሬክ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢጎተት በስሌት 1.2 ሄክታር ይሰበስባል፤ መዞሪያውና መቆሚያው ሲቀነስ ግን ወደ 0.8 ሄክታር፣ ማለትም ከሦስት ጥማድ ትንሽ የሚበልጥ ይቀራል። ይህን ያህል መሬት ከሌለ ገንዘቡን ለጥሩ ማጭድና ለከባድ ሸራ ማዋል ይበጃል።

የሬኩን ዓይነት መለየት

በአሮጌ እርሻ ግቢ ሊገኙ የሚችሉ ሬኮች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በሁለት ትልልቅ የብረት ጎማዎች መካከል እንደ ማጭድ የጎበጡ ጥርሶች የተደረደሩበት፣ በላዩም የብረት ወንበር ያለው፣ ቀድሞ በፈረስ ወይም በበቅሎ እንዲጎተት የተሠራው ነው። ጥርሶቹ ሣሩን እየሰበሰቡ ይጎትታሉ፤ ሲሞሉ ነጂው ፔዳሉን ይረግጥና ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሥተው የያዙትን ይጥላሉ። ሁለተኛው ጥርስ የተተከለባቸው ጥቂት ዘንጎች እንደ ከበሮ የሚዞሩበት ነው፤ ለመንገዱ አግድም ዘመም ብሎ ይቀመጣል፣ የመዞሪያ ጉልበቱንም ከራሱ ጎማ በማርሽ ይወስዳል፣ ሣሩንም እያንከባለለ በአንድ ጎኑ ያለማቋረጥ ረድፍ ያስይዛል። ሦስተኛው በዙሪያቸው የሽቦ ጣቶች ያሉባቸው ክብ ጎማዎች የተደረደሩበት ሲሆን፣ በኔዘርላንድ የሌሊ ወንድማማቾች በ1948 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ሐሳብ ነው። ማርሽም ካቴናም የለውም፤ ጎማዎቹ መሬቱንና ሣሩን ሲነኩ በራሳቸው ይዞራሉ።

ለጥገና ከሁሉ የሚቀለው ባለ ጣት ጎማው መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ለመዞር መሬት መንካት ያለበት ስለሆነ ድንጋይና አፈር ከድርቆሹ ጋር የሚያመጣውም እሱ ነው። ድንጋይ በሚበዛበት የእኛ አካባቢ እኔ የምመርጠው ባለ ቅስት ጥርሱን ወይም ባለ ከበሮውን ነው፤ ሁለቱም ለመሥራት ጥርሳቸው የግድ መሬት መንካት የለበትምና።

ዝገቱን ማላቀቅና መፈተሽ

አሮጌ ማሽን የተገኘ ዕለት ከትራክተር ጋር አያይዞ መጎተት ዓመታት የቆመውን ማርሽ ባንድ ቀን መስበር ነው። በቅድሚያ ጭቃው፣ የተጠመጠመው አሮጌ ሣርና የተርብ ቤቱ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። ከዚያ ናፍጣና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀላቅሎ በየቡሎኑና በየዳዶው ላይ ይፈስና ሦስት አራት ቀን ይተዋል፤ በየማታው ጥቂት እየጨመሩ በመዶሻ ቀስ አድርጎ መምታት ዘይቱ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ይረዳል። አሁንም እምቢ ያለ ዳዶ በእሳት ይሞቃል፤ ሆኖም ከኩሽኔታ ወይም ከሞላ አጠገብ እሳት ማስጠጋት አይገባም። ግራሶ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በደረቀ ግራሶ ስለሚደፈኑ በቀጭን ሽቦ ተወግተው መከፈታቸው መረጋገጥ አለበት፤ አዲሱ ግራሶ አሮጌውን ገፍቶ በሌላ በኩል እስኪወጣ ድረስ ይሞላል።

ቀጥሎ ጎማዎቹ አንድ በአንድ በክሪክ ይነሡና በሁለት እጅ ወዲህ ወዲያ ይነቀነቃሉ። የሚንገጫገጭ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። የወጣው ኩሽኔታ ሳይጣል፣ በጠርዙ ላይ የተጻፈው ቁጥር ተጠርጎ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይወሰዳል። ማሽኑን የሠራው ፋብሪካ ዛሬ ባይኖር እንኳ የኩሽኔታ መጠኖች በብዙ ማሽኖች የጋራ ስለሆኑ ተመሳሳዩ ብዙ ጊዜ ይገኛል። በአንዳንድ አሮጌ ሬኮች ደግሞ የጥርስ ዘንጉ የሚዞረው በእንጨት ውስጥ ነው። ይህን የሚያይ ሰው አንድ ብልሃተኛ ያደረገው ጊዜያዊ ጥገና ይመስለዋል፤ ግን ፋብሪካው ራሱ የሠራው ነው። እኔ ያለቀውን በደረቀ ወይራ አስቀርጬ ለሳምንት ዘይት ውስጥ ነክሬ ተክቼዋለሁ፤ እስካሁን አላስቸገረኝም።

በባለ ከበሮውና በባለ ቅስት ጥርሱ ሬክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ መታየት ያለበት በጎማው እምብርት ውስጥ ያለው፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚይዘው ነካሽ ነው። አሠራሩ ከብስክሌት የኋላ ጎማ ጋር አንድ ነው። ባለ ከበሮው ሬክ ወደፊት ሲገፋ ከበሮው መዞር፣ ወደ ኋላ ሲገፋ ግን ጠቅ ጠቅ እያለ ከበሮውን ሳያዞር መሄድ ይኖርበታል። በባለ ቅስት ጥርሱ ነካሾቹ የሚይዙት ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የጎማው መዞር ራሱ ጥርሶቹን ወደ ላይ ያነሣና ጫፍ ሲደርሱ ይለቃቸዋል። በአንድ ወገን ያለው ነካሽ ብቻ ካለቀ ጥርሶቹ ጠማማ ሆነው ይነሣሉ፣ ዘንጉም ይጣመማል። እንዲህ ያለውን ነካሽ በብየዳ አሳብጦ በሞረድ መሳል ይቻላል፤ ድሬዳዋ ከባቡሩ ጋር በ1902 (እ.ኤ.አ.) የተቆረቆረች፣ የባቡር ጋራዡም ለብዙ ዘመን ብረት ሠራተኛ ያፈራባት ከተማ በመሆኗ፣ ይህን የሚያውቅ የቶርኖ ባለሙያ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ጥርሶቹ

የሬክ ጥርስ የሚሠራው ከሞላ ብረት ነው፤ ድንጋይ ሲያጋጥመው ተለጥጦ አልፎ ወደ ቦታው ይመለሳል። መጀመሪያ በሠራሁበት ዓመት የጎደሉኝን ጥርሶች ርካሽ ነው ብዬ ከቤት መሥሪያ ፌሮ አስቆርጬ አስጎበጥኩ። መልካቸው ከአሮጌዎቹ አይለይም ነበር፤ ግን ገና ረፋድ ሳይሆን ግማሾቹ ቀጥ ብለው መሬቱን ማረስ ጀመሩ፣ እኔም የቀኑን ሥራ በእጅ ጨረስኩ። ፌሮ ይታጠፋል እንጂ አይመለስም። የተሰበረ የሞላ ብረትን በብየዳ መቀጠልም እንዲሁ ከንቱ ድካም ነው፤ ከብየዳው አጠገብ ያለው ቦታ በሙቀቱ ምክንያት ተሰባሪ ይሆንና በሚቀጥለው ድንጋይ እዚያው ላይ ይቆረጣል። መፍትሔው እኩል ውፍረት ያለው የሞላ ብረት ፈልጎ ማሠራት ሲሆን፣ እስኪገኝ ድረስ ግን ከሬኩ ጫፍና ጫፍ ያሉትን ጥርሶች ነቅሎ ወደ መካከል ማምጣት ይቻላል፤ የሬኩ ስፋት በጥቂት ስንዝር ቢያንስም በመካከሉ ክፍተት ከሚኖር ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበውን ጉዳይ ላንሣ። ተሰብሮ የወደቀ ጥርስ ከድርቆሹ ጋር ይከመራል፣ ከድርቆሹም ጋር ይበላል። ላም ስትበላ አትመርጥም፤ ፈጥና ትውጣለች፣ ኋላ ተኝታ ታመሰኳለች። የተዋጠ ሽቦ በሁለተኛው የሆዷ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ይህ ክፍል ከልብ ጋር በጣም የተቀራረበ ስለሆነ ስለታም ብረት ግድግዳውን በስቶ ወደ ልቧ ሊደርስ ይችላል። ምልክቱ መብላት መቀነስ፣ ወተት ባንድ ጊዜ መጉደል፣ ጀርባን ማጉበጥና ቁልቁለት መውረድን መፍራት ነው፤ ይህ ሲታይ የእንስሳት ሐኪም መጥራት እንጂ በቤት መድኃኒት መሞከር አይገባም። ስለዚህ የጥርሶቹ ቁጥር ጠዋት ሥራ ሳይጀመር፣ ቀትር ላይና ማታ ይቆጠራል። አንድ ከጎደለ የጎደለበት ረድፍ እስኪገኝ ድረስ ድርቆሹ አይከመርም። በተለይ ባለ ጣት ጎማው ሬክ ጣቶቹ ቀጭን በመሆናቸው ሲሰበሩ ድምፅ እንኳ አይሰማም፤ የድምፅ ማጉያ ማግኔት በእንጨት ጫፍ አስሮ በረድፉ ላይ ማሳለፍ ብዙ ፍለጋ ያቀልላል።

ከፍታውን ማስተካከል

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ አንባቢ ቢኖር ይህን ክፍል ይውሰድ። አሮጌ ሬክ መጥፎ ድርቆሽ የሚያወጣው በአሮጌነቱ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ዝቅ ብሎ ስለተገጠመ ነው። ሬክ የሚሰበስበው ከሣሩ አጨዳ በቀረው ጉቶ ላይ የተኛውን ሣር ነው። ሣሩ ከመሬት ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ተብሎ ከታጨደ፣ ጉቶው ድርቆሹን እንደ አልጋ ይይዘዋል፣ ከሥሩም ነፋስ ይገባዋል፤ የሬኩም ጥርስ በመሬቱና በሣሩ መካከል የሚያልፍበት ቦታ ያገኛል። መሬቱን ልጦ ያጨደ ሰው ግን የትኛውንም ሬክ ቢያስተካክል አፈር ከመሰብሰብ አያመልጥም።

ማስተካከያው የሚሠራው በማሳው ላይ ሳይሆን በሲሚንቶ ወለል ወይም በደንብ በተደለደለ ሜዳ ላይ ነው። የሬኩ መሄጃ ጎማዎች በነፋስ የሚሞሉ ከሆኑ የሁለቱም ጎማዎች ነፋስ እኩል መሆኑ ይረጋገጣል፤ ነፋስ ያነሰው ጎን ዘንበል ስለሚል፣ ሰው ዘንጉ የተጣመመ መስሎት ያለ ምክንያት ቡሎን ሲፈታ ይውላል። ከዚያ ሬኩ ከሚጎትተው ትራክተር ጋር ይያያዛል። ይህን መዝለል አይገባም፤ የማያያዣው ጋንቾ ከፍ ሲል የሬኩ ኋላ ዝቅ ይልና ጥርሶቹ ወደ መሬት ይቀበራሉ፣ ጋንቾው ዝቅ ሲል ደግሞ ይነሣሉ። በአንድ ትራክተር ላይ የተስተካከለ ሬክ ለሌላው እንደገና መለካት አለበት። በበሬ ለሚጎተት ባለ ቅስት ጥርስም ሕጉ ያው ነው፤ የበሬዎቹ ቁመትና የቀንበሩ አቀማመጥ የጥርሱን ከፍታ ይለውጣል።

ከተያያዘ በኋላ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ጣውላ በጥርሶቹ ሥር ይገባል። በባለ ከበሮው ዝቅተኛው ጥርስ ጣውላውን ነክቶ የሚያልፍ መሆን አለበት፤ ከበሮው በእጅ እየዞረ በዚህም ጫፍ በዚያም ጫፍ ይለካል። ባለ ቅስት ጥርሱ መሬቱን እንዲዳብስ ሊተው ይችላል፣ ይሁንና ክብደቱን መሬቱ ላይ መጣል የለበትም። በባለ ጣት ጎማው እያንዳንዱ ጎማ የተንጠለጠለበት ሞላ እየጠበቀ ጎማው በአንድ እጅ ያለ ትግል የሚነሣ እስኪሆን ድረስ ይስተካከላል፤ መሬት ይነካል፣ ግን አይጫንም።

ማሳው ላይ 50 ሜትር ያህል ይሞከርና ይቆማል። ተንበርክኮ መሬቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ጥርሶቹ ጭረት ካሰመሩ አሁንም ዝቅ ብለዋል። ሌላው መፈተኛ ከረድፉ አንድ እቅፍ አንሥቶ በነጭ ጨርቅ ላይ ማራገፍ ነው። ጨርቁ ላይ አፈርና ጠጠር ከታየ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ይደረጋል። ጥቂት ሣር ማሳው ላይ ቢቀር አያስቆጭ፤ የቀረውን በግ ይለቅመዋል።

መቼና እንዴት እንደሚሰበሰብ

አዲስ የታጨደ ሣር ከክብደቱ ከ75 እስከ 80 በመቶ ውኃ ነው። ረድፍ መያዝ ያለበት ውኃው ወደ 40 በመቶ ሲወርድ፣ ማለትም ቅጠሉ ጠውልጎ ግን በእጅ ሲታሽ የማይፈረፈር፣ አገዳው ገና የሚታጠፍ ሆኖ ሳለ ነው። ብዙ ሰው ሣሩ ማሳው ላይ ተዘርግቶ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቆ ይሰበስባል። ያን ጊዜ የሬኩ እያንዳንዱ ምት ቅጠል ያረግፋል፤ አልፋልፋ በሚባለው የመኖ ተክል ደግሞ ከፕሮቲኑ ከግማሽ በላይ ያለው በቅጠሉ ውስጥ ስለሆነ ለከብቱ የሚቀርበው እንጨት ይሆናል። ቀድሞ ረድፍ የያዘ ሣር ግን ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፣ አረንጓዴ መልኩንም አያጣም።

የውጭ አገር የማሽን መመሪያዎች በአብዛኛው ጤዛው እስኪረግፍ መጠበቅን ይመክራሉ። ይህ ምክር ከ2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለው ለሐረማያና ለሐረር ዙሪያ ይስማማል፤ በጥቅምት ጠዋት ሣሩ ርጥብ ስለሆነ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ መቆየት ይገባል። ወደ 1200 ሜትር በሚወርደው የድሬዳዋ ቆላ ግን ቀኑ ሌላ ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ስለሚያልፍና ደረቅ ነፋስ ስለሚነፍስ፣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ለስላሳ የነበረው ቅጠል በአራት ሰዓት እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። በቆላው ሬክ የሚነዳው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው። የሌሊቱን ልስላሴ ያመለጠው ሰው በቀትር ከሚነዳ እስከ ማግስቱ ቢታገሥ ይሻለዋል።

ከመነዳቱ በፊት ማሳው በእግር ይዞራል። የቁልቋል ቅጠል፣ የግራር እሾህና ትልልቅ ድንጋይ ይለቀማል። በአካባቢው ፋራምሲሳ የሚባለው ቅንጨ አረም ያለበት ቦታ ደግሞ ከመታጨዱ በፊት፣ ሳያብብ፣ እጅን ሸፍኖ መነቀል አለበት። አረሙ የወተትን ጣዕም ያበላሻል፣ የሰውን ቆዳ ያሳክካል፤ አንዴ ከድርቆሽ ጋር ከተጠቀለለ ዘሩን እስከ በረቱ ደጃፍ ድረስ ያደርሳል።

ሣሩ በማሽን የታጨደ ከሆነ ባለ ከበሮው ሬክ አጫጁ በሄደበት አቅጣጫ ይነዳል፤ ያን ጊዜ ቅጠሉ ወደ ረድፉ ውስጥ፣ አገዳው ወደ ውጭ ይሆናል። በማጭድ የታጨደ ከሆነ አቅጣጫው ብዙም ለውጥ የለውም፣ ይልቅ ጭብጦቹ አስቀድመው በመንሽ መበተን አለባቸው። ፍጥነቱ ለባለ ከበሮው በሰዓት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ ከበሮው ጉልበቱን ከጎማው ስለሚወስድ ትራክተሩ ሲፈጥን ጥርሶቹም ይፈጥናሉ፣ ቅጠሉን ይመቱታል። ረድፉ ልቅና ነፋስ የሚያሳልፍ መሆን አለበት፤ እንደ ገመድ ከተገመደ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ባለ ቅስት ጥርሱን የሚነዳ ሰው ደግሞ ዋናው ጥበቡ የመጣያ ጊዜውን ማወቅ ነው። በመጀመሪያው ምልልስ በየስንት እርምጃው እንደጣለ በቅርንጫፍ ምልክት ይተክላል፣ በሚቀጥሉት ምልልሶች ሁሉ በዚያው መስመር ላይ ይጥላል፣ ክምሮቹም ጎን ለጎን ገጥመው ማሳውን የሚያቋርጥ ረድፍ ይሆናሉ።

ያልታሰበ ዝናብ ቢመታው ረድፉ ወዲያው አይነካም። ላዩ እስኪደርቅ ተጠብቆ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ደረቅ መሬት ይገለበጣል። ለመከመር የሚበቃ መሆኑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፤ በምጣድ የደረቀ አንድ ማንኪያ ጨው ከተከተፈ ድርቆሽ ጋር በደረቅ ማሰሮ ወይም በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከድኖ ለጥቂት ደቂቃ መነቅነቅ ነው። ጨው ከተጓጎለ ድርቆሹ ገና ውኃ አለው፤ ከ20 በመቶ በላይ ውኃ ይዞ የተከመረ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ባስ ሲል ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል።

ጥንቃቄ

ባለ ከበሮውን የሚያዞረው የራሱ ጎማ ስለሆነ ሬኩ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ጥርሶቹ አይቆሙም። የተጠመጠመ ሣር የሚጸዳው ትራክተሩ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ነው። ሽርጥ ወይም ነጠላ ለብሶ ወደ ከበሮው መቅረብ ክልክል ነው። በባለ ቅስት ጥርሱ ወንበር ላይ ሰው አስቀምጦ በትራክተር መጎተትን አልመክርም፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሰውየው የሚወድቀው ወደ ጥርሶቹ ነው። ከፔዳሉ ወደ ትራክተሩ ነጂ ገመድ መዘርጋት ሁለተኛ ሰው እንዳያስፈልግ ያደርጋል።

የብረት ጎማ ያለውን ሬክ በአስፋልት ላይ መጎተት ጎማውንም መንገዱንም ያበላሻል፤ ከሐረማያ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ከሆነ በጭነት መኪና ተጭኖ፣ ጥርሶቹ ተነሥተው በሽቦ ታስረው፣ በሸራ ተሸፍነው ይሄዳሉ።

ወቅቱ ሲያልቅ የተጠመጠመው ሣር ሁሉ ይነሣል፣ ሞላዎቹ ይላላሉ፣ ጥርሶቹ የተቃጠለ ዘይት ይቀባሉ፤ ሬኩም ጥርሶቹ መሬት እንዳይነኩ በጣውላ ላይ ቆሞ ከጣሪያ ሥር ያርፋል። የጥርሶቹ ቁጥር በዘይት ቀለም በዘንጉ ላይ ይጻፋል፤ በሚቀጥለው ጥቅምት የሚነዳው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ስንት መቁጠር እንዳለበት እዚያው ያነባል።